ከይፋግ በኩል የሚመጡ ጥርሶች

አንድ የፊት ጥርስ ከጓደኞቹ አንሶ ሲበቅል፣ ያሳነሰው ዘር ነው ወይስ የሰው እጅ? የሥራ ዘመኔን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼም መልሱን አላገኘሁትም። መጻሕፍት ገልብጫለሁ። ስለ ሁለቱም በሰፊው ይናገራሉ፤ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ፊቴ ሲቀመጥ ግን ዝም ይላሉ።

ለመጻፍ ያነሣሣችኝ በወንበሬ የተተካችው ወጣት ሐኪም ናት። ቁልፉን ላስረክባት በሄድኩ ቀን የአንዲት ተማሪን የጥርስ ምስል በኮምፒዩተር ከፍታ አሳየችኝ። እኛ በትንሽ መስታወትና በመስኮት ብርሃን አንገታችን እስኪጣመም የምንፈልገውን፣ እሷ በጣቷ እያሰፋች ታየዋለች።

“ሲስተር፣ በዚህ አገር ከሁለቱ ትልልቅ የፊት ጥርሶች ጎን ያሉት ትናንሽ የሆኑበት ሰው ለምን በዛብኝ?” አለችኝ።

“አጭር መልስ የለውም፤ ጽፌ እሰጥሻለሁ” አልኳት።

ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚያዝሉበት ዕድሜ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጠርኩ፤ ከዚያ ወረታ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተማርኩ። “እትዬ፣ አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት?” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ መጽሐፌ ላይ አቀርቅሬ አነባለሁ። ሰፈሩም የአጎቴ ልጅ አድርጎ ቆጠረኝ፤ ከየት እንደመጣሁ የሚጠይቀኝ አልነበረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ጎንደር የጥርስ ሕክምና ተምሬ ስወጣ፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የተመደብኩት አዲስ ዘመን ነው። የነበረን ጉጠት፣ መርፌና የእንጨት ወንበር ነው። ሥራው መንቀል ብቻ ነበር። ኃላፊያችን ጥድፊያ የሚወድ ሰው ስለነበር “ጥርስ ስታዪ ንቀዪ፣ ወረቀት ስታዪ ፈርሚ፣ ሌላውን ለእግዜር ተዪው” ይለኝ ነበር። ደመወዜ ለእኔና ይፋግ ለምትኖረው እናቴ ይበቃን ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ግን የነቀልኳቸው ጥርሶች ያስጨንቁኝ ጀመር። ጥቂት ቢታከምባቸው ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉ ጥርሶች ባልዲ ውስጥ ሲወድቁ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ወረታ በተዛወርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ መንግሥት ቤቱን ትቼ ጋሽ ደምሰው ክሊኒክ ገባሁ።

ጋሽ ደምሰው አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ወደ ሚስታቸው አገር የመጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ክሊኒካቸው የደብረ ታቦሩና የጎንደሩ መንገድ የሚገናኙበት አካባቢ፣ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥባት አንድ ክፍል ነበረች። የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ሰዎች ጥርሳቸው አንሶ ሲመጡ፣ እኚህ ሰው መሣሪያ አያነሡም ነበር። መጀመሪያ በሽተኛውን መስኮቱ ዘንድ አቁመው የጥርሱን ቀለም ያያሉ፤ አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ስለሚደርቅና ስለሚነጣ፣ “በእርጥቡ እዪ፣ ደረቅ ጥርስ ይዋሻል” ይሉኛል። ከዚያ ነጭ ሰም በጣታቸው አሙቀው ትንሿ ጥርስ ላይ ይለጥፉና ትልቅ ጥርስ ያስመስሏታል። “በይ ‘ፎገራ’ በይ” ይላሉ። የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር በስሱ ከነካ ልኩ ነው፤ ከወጋው ረዝሟል፤ ካልደረሰበት አጥሯል። ቀጥለው በሽተኛዋን ከነሰሟ ወደ ሱቅ ይልካሉ፦ “ክብሪት ገዝተሽ ነዪ፤ ባለሱቁን ሳታዋሪው እንዳትመለሺ።” ክሊኒኩ በክብሪት ተሞልቶ ነበር። ባለሱቁ “ዛሬ ምነው አማረብሽ?” ካለ ሥራው ይጀመራል። ምንም ካላለ ሰሙ ይፈርስና እንደገና።

“ለትንሽ ጥርስ የመጀመሪያው መድኃኒት መተው ነው” ይሉ ነበር። “ባለቤቷን ካላስከፋት ጥርሷ አልታመመችም። ካስከፋቻት እናክልባታለን። ያከልነው ካልያዘ ቆብ እናለብሳታለን። በሽቦ ገፍቶ ክፍተቱን ማስተካከልም አለ፤ እሱን አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚችል ይሞክረው። መንቀልን ግን ከአፍሽ አታውጪው። የነቀለ ሰው ባዶውን ሲያስታምም ይኖራል።” ሞረድ ባነሣሁ ቁጥር ደግሞ ከኋላዬ መጥተው፣ “ያከልሽውን ትቀንሻለሽ፤ የቀነስሽውን አታክዪም” ይሉኛል። ይህን የሚሉት ሁልጊዜ በዝግታ ነው። እጄ ግን እስከ ዛሬ ሞረድ ሲነካ ይፈራል።

እናኑ ከእናቷ ጋር የመጣችው በታኅሣሥ ነው። ሠርጓ ጥር ላይ ነበር። ከፎገራ ሜዳ፣ ሩዝ የሚያመርቱ ሰዎች ልጅ ናት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀመጠች፤ ስናገራት በዓይኗ ብቻ ትመልሳለች።

“ግለጪው እንጂ፣ ሐኪም እኮ ናት” አለቻት እናቷ። ወደ እኔ ዞራ፣ “ልጆቹ ‘ወተት ጥርስሽ ሳይወልቅ ልታገቢ ነው ወይ’ እያሉ አሳበዷት። ሩዝ ጥርስ ይሏታል። ‘እናቴ ትሙት፣ ካልተሠራልኝ አላገባም’ ብላለች” አለችኝ።

ሁለቱም የጎን ጥርሶቿ እንደ ሩዝ ፍሬ ሾለው ያነሱ ነበሩ። ጋሽ ደምሰው ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ሰሙን ለጠፍኩ፣ “ፎገራ” አስባልኳት፣ ክብሪት አስገዛኋት። ስትመለስ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ “ባለሱቁ ‘ማን ልበል?’ አለኝ! ጎረቤታችን እኮ ነው!” ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ሳይ ጋሼን ልጠብቅ የሚለው ሐሳብ ከእኔ ጠፋ።

የማከሉ ሥራ እንዲህ ነው። ጥርሷን በጥጥ ከምራቅ ትለያለህ፤ አሲድ ትቀባታለህ፤ ታጥባታለህ፤ ታደርቃታለህ። ጤነኛ ጥርስ ያኔ እንደ ጠመኔ ደብዝዞ ይነጣል። ሙጫው የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ነጩን ማከያ በቀጭን በቀጭኑ እየደረብህ በሰማያዊው መብራት ታጠነክረዋለህ። የቀኟ ጥርስ እንደሚገባት ነጣች። የግራዋን ሳደርቃት ግን መሃሏ ላይ ቢጫና ወዛም እንደሆነ ቀረ። ብል እንደበላው እንጨት ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት። እንደገና ቀባሁ፤ እንደገና አደረቅሁ። ያው ነው። የጥርሱ ልባስ እዚያ ቦታ ላይ ከመጀመሪያውም አልተሠራም።

ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ ልቤ ነግሮኛል። ከመፍራቴ የተነሣ ግን ለራሴ “የጠጣችው ውኃ ያበላሸው ይሆናል” አልኩና ማከያውን ደረብኩበት። እናኑ መስታወት አይታ አለቀሰች። እናቷ እጄን ሳመችኝ።

በመልሱ ቀን፣ ድግሱ መሃል፣ የአጥንት ሥጋ ስትግጥ የግራዋ ማከያ ወለቀ። ያውም በአማቷ በእትዬ አበቡ ሳህን ላይ። “ሙሽራዋ ጥርሷን ልትሰጠኝ ነው የመጣችው?” ብለው ቤቱን አሳቁት። ይህን የነገሩኝ በሳምንቱ እናትና ልጅ ተመልሰው ሲመጡ ነው። እናኑ እንደገና እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች።

ጋሽ ደምሰው ተመልሰው ስለነበር እሳቸው አዩዋት። መስኮቱ ዘንድ ረጅም ጊዜ አቆሟት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞሩ።

“የእርስዎንም ያሳዩኝ እስቲ።”

እናቷ እየሣቀች አፏን ከፈተች። እሷም የጎን ጥርሶቿ ትንንሽ ናቸው፤ ልስልስና ንጹሕ።

“የቀኟ ከእርስዎ ናት” አሉ ጋሽ ደምሰው። “ይህቺ የግራዋ ግን ከመብቀሏ በፊት ብረት ያገኛት ትመስላለች። ልጅቱ ሕፃን ሳለች ድዷን የነካት ሰው ነበር? ግግ አስወጥተውላት ነበር?”

ግግ የሚሉት ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል። ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው፣ ጡት አልይዝ ሲል ድዱ ያበጠ ቦታ ይታያል፤ በሽታው ከዚያ ነው ተብሎ ድዱ በወስፌ ይፈለቀቅና እንደ ወተት ጠብታ ያለች የጥርስ እንቡጥ ትወጣለች። ከሥሯ የምትጠብቀው ትልቋ ጥርስ አብራ ትወጋለች።

“አዎን እንጂ!” አለች የእናኑ እናት ደረቷን እየመታች። “ልትሞትብኝ ስትል ይፋግ ወስጄ አስወጣሁላት። እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። እጃቸው መድኃኒት ነው፤ በማግሥቱ ጡት ያዘች።”

ጋሽ ደምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንግዲህ ከዘሯም ይሆናል፣ ከወስፌውም ይሆናል፣ ከሁለቱም ይሆናል። አሁን ማን ለይቶ ያውቃል?” አሉ።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መሣሪያ ስደረድር ነበር። የተደረደረውን እንደገና ደረደርኩ። እማማ ጥሩወርቅ እናቴ ናት።

በይፋግ ገበያ ቀን ከገበያው ዳር ካለ ዋርካ ሥር ትቀመጥ ነበር። ከሜዳው ሁሉ፣ ከሐይቁ ዳር ሳይቀር፣ እናቶች ሕፃን አቅፈው ይመጡባታል። እኔ ትንሽ ሳለሁ የልጆቹን ጩኸት ላለመስማት ጤፍ ማሳ ውስጥ ገብቼ እተኛ ነበር። በኋላ እኔም እናት ሆንኩ። የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጄ ጥርስ ሳያበቅል አስቀመጠው፤ እናቴ ግግ አወጣችለት፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ትዳሬም ከዚያ በኋላ አልቆመም። ወደ ወረታ፣ ወደ ፊደሉ የሄድኩት ያን ዓመት ነው። የጥርስ ትምህርቱን ስማር፣ ስለ ድድ ቁስልና ወደ ደም ስለሚገባ መርዝ የሚያወራው ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ተቅማጡ ነው የወሰደው ወይስ ወስፌው? መጽሐፉ ሁለቱም ይገድላሉ ይላል።

የእናኑን የግራ ጥርስ ጋሽ ደምሰው በጥቂቱ ብቻ ሞርደው ልኳን አስነሡና አዲስ አበባ ቆብ አሠሩላት። ያዘላት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በይፋግ በኩል የሚመጣ አፍ ሁሉ ያስፈራኝ ጀመር። በር ሲንኳኳ ከየት እንደመጡ እሰማለሁ። ቡናማ ጉድጓድ ያለበት ትንሽ ጥርስ ሲያጋጥም፣ ግግ ወጥቶለት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የሐኪም ግዴታ ነው፤ እኔ ግን መልሱ ላይ የእናቴ ስም እንዳይመጣ ጥያቄውን ተውኩት። ኤድስ ደግሞ ያን ጊዜ የየቤቱን ሰው የሚጨርስበት ዘመን ነበር። እኛ ክሊኒክ ውስጥ መሣሪያ ስንቀቅል እንውላለን፤ ይፋግ አንድ ወስፌ ከአንዱ ሕፃን ድድ ወደ ሌላው ሕፃን ድድ ይሄዳል። ሕልሜ ሁሉ ወስፌ ሆነ።

አንድ እሑድ ሄድኩና ነገርኳት። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር።

“እማዬ፣ ይህን ሥራ ተዪው። ደም ከደም ይነካካል። ጥርሳቸውም እየተበላሸ ነው፤ እኔ ዘንድ ነው የሚመጡት።”

“ወስፌውን አረቄ ውስጥ ነው የምነክረው።”

“አረቄ አይገድለውም።”

ምስሩን ከጎን አደረገችው። “አንቺ ጥርስ ታያለሽ፤ እኔ የማየው ሕፃን ነው። ሐኪም ቤት በሌለበት አገር፣ እናት ልጇን ታቅፋ እግሬ ሥር ስትወድቅ ምን ልበላት? ሂጂና ቅበሪው ልበላት?”

“አሁን እኮ ሐኪም ቤት አለ።”

“ያኔ አልነበረም” አለች። ከዚያ ዓይኔን ሳታይ፣ “ስለ ልጅሽ መሆኑን አውቃለሁ። እሱን ያወጣሁለት በወደድኩት ልክ ነው። ሌላ ምን ልንገርሽ?” ብላ ምስሯን መልሳ ያዘች።

መጠየቅ የምፈልገው ልጄን ወስፌው ወስዶት እንደሆነ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ስሸኝ፣ “እሺ፣ እተወዋለሁ፤ አርጅቻለሁም” አለችኝ። አመንኳት። ማመን ስለፈለግሁ አመንኳት።

ጋሽ ደምሰው ደክመው ወደ ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ክሊኒኩን እኔ ያዝኩ። ሰሙን፣ መስኮቱን፣ “ፎገራ” ማስባሉን አልለወጥኩም። ብዙ ትንንሽ ጥርሶች አከልኩ፤ ያላስከፉ ብዙዎችን ደግሞ ሳልነካ መለስኩ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ትንሿን ጥርሱን በወርቅ ካላለበስሽልኝ ብሎ ግማሽ ቀን ተከራክሮኝ፣ “ሲስተር፣ የሰው ደስታ ለምን ይጎመዝዝሻል?” ብሎኝ ሄዷል። ሥራ እንዲህ ያስቃልም።

እናኑ ተመልሳ የመጣችው ልጅ አዝላ ነው። የቆቧ ጫፍ ሻክሮ ምላሷን ይነካት ነበር። እትዬ አበቡ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ፤ የተኮናተሩት ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ከደጅ ቆሟል። ጫፉን አለሰለስኩላት፤ ከወንበሩ ልትነሣ ስትል ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን አለቀሰ። ድምፁ ቀጭንና ደረቅ ነው። ገለጥ አድርጌ አየሁት። ዓይኑ ጎድጉዷል።

“ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሳ?”

“እያስቀመጠው ነው፣ ሲስተር። እትዬ አበቡ ግግ ነው ብለዋል። ከዚህ ቀጥታ ይፋግ ልንሄድ ነው፤ ዛሬ ገበያ አይደል።”

“ይፋግ ማን ዘንድ?”

“እማማ ጥሩወርቅ ዘንድ ነዋ። እኔንም ያዳኑኝ እሳቸው አይደሉ?”

“እሳቸው ትተዋል።”

“ኧረ አልተዉም! ባለፈው ገበያ ለጎረቤታችን ልጅ አወጡለት።”

ለእናኑ “ድንቁርና ነው፣ እንዳትሄዱ” ማለት እችል ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኖቹ በየቤቱ ይህንኑ ይሉ ነበር፤ ሰዉ “እሺ” ይላቸውና በጓሮ በር ይሄዳል። እኔም ብል ያው ነው። ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀውን ካልነገርኳት ይህ ልጅ ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ነው። ብነግራትስ? ወረታ ትንሽ ከተማ ናት። ነገ ክሊኒኬ ማን ይመጣል? እናቴን ማን ምን ያደርጋታል?

“እናኑ፣ ተቀመጪ” አልኳት። “እማማ ጥሩወርቅ እናቴ ናት።”

ሳቀች። “ይቀልዳሉ!”

“እናቴ ናት። ለኔም ልጅ ግግ ያወጣችለት እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሳምንት አልቆየም።”

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። እጇ ወደ ኋላ ሄዶ የልጇን እግር ያዘ።

“በዚያ ነው የሞተብዎ?”

“አላውቅም። ተቅማጡ ይሁን ወስፌው አላውቅም። ላንቺ አውቃለሁ ብል እዋሽሻለሁ። ያንቺንም ጥርስ ከእናትሽ ይሁን ከእናቴ አላውቅም። የማውቀው ይህ ልጅ ውኃ አልቆበታል፤ ድዱን ስትወጉት የሚተካለት ውኃ የለም። መድኃኒቱ እዚሁ አለ። በውኃ በጥብጬ በማንኪያ እንሰጠዋለን፤ ትንሽ ሲበረታ አብረን ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን።”

ከደጅ እትዬ አበቡ ጮኹ። “ኧረ አንቺ ሴትዮ! ጥርሱን እንደ አዲስ እየጠረብሽው ነው እንዴ? ገበያው ሊፈታ ነው!”

እናኑ ማዘያዋን ፈታች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ፣ አንዴ አየችኝና፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወጣች። እኔ ልጁን በአንድ ክንዴ ይዤ በሌላው ዱቄቱን ስበጠብጥ የሚሉትን በከፊል እሰማለሁ። “ምን?” ይላሉ እትዬ አበቡ። “የማን ልጅ?” ከዚያ የእናኑ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ረጅም።

የመጀመሪያውን ማንኪያ ስሰጠው ከንፈሩ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጠ። በሩ ተከፈተና እትዬ አበቡ ገቡ። ከራሴ ጀምረው እስከ ጫማዬ አዩኝ።

“የጥሩወርቅ ልጅ ነሽ?”

“ነኝ።”

ከዚያ የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ።

“ወዲህ በዪው። ማንኪያውንም ጭምር። በአንድ ክንድ እንደያዝሽው ልጁን ታንቂብናለሽ።”